አማካዩ የደበቀው

ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ደቡብ ውስጥ ከሰገንና ከወይጦ ሸለቆዎች ለሚመጣ ታማሚ ለረጅም ጊዜ የነበረው ዋና ሕክምና ለ30 ቀን በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበር። አንድ ወር ሙሉ! ገበሬ ከሆነ ማሳው ጾሙን ያድራል፤ አስታማሚውም አብሮት ሆስፒታል ይከርማል።

አርባ ምንጭ ነው ያደግሁት፤ የተማርኩት ላብራቶሪ ነው። ስለ ከተማዬ ሳወራ አዞና ሙዝ ትጠብቁ ይሆናል። ዛሬ ግን ስለ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ነው፤ ያን ወር ካሳጠሩት የምርምር ጣቢያዎች አንዱ እሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የሱዳንና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች፣ መቀመጫው ጄኔቭ ከሆነውና ለትርፍ ካልቆመው ዲኤንዲአይ ጋር ሆነው ካርቱም ላይ ሊፕ የተባለውን ጥምረት መሠረቱ። ፓሮሞማይሲን የሚባል የቆየ አንቲባዮቲክ ሕንድ ውስጥ ለ21 ቀን ተሰጥቶ ከመቶ ታማሚ 95 የሚጠጉትን አድኖ ነበር። ያው መጠን እዚህስ?

63.8 በመቶ። በቃ፣ ወደቀ ያሰኛል። በየጣቢያው ሲዘረዘር ግን ሌላ ነገር ወጣ። በሱዳን ሁለት ጣቢያዎች 14.3 እና 46.7፤ በኬንያ 80፤ ከጎንደርና ከአርባ ምንጭ ደግሞ አንዱ 75፣ ሌላው 96.6 በመቶ። አንድ መድኃኒት፣ አንድ መጠን፣ አምስት መልስ።

ጥያቄው በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት መንገድ ባይጠየቅ ኖሮ፣ ልዩነቱ የማን ስህተት ነው እየተባባልን በቀረን ነበር። ልዩነቱን እ.ኤ.አ. በ2010 በዋና ጸሐፊነት ያሳተሙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስራት ኃይሉ ናቸው። ቡድኑ ፓሮሞማይሲንን ከነባሩ መርፌ ጋር አጣምሮ ለ17 ቀን ሲሰጥ 91.4 በመቶ ዳኑ፤ የ30 ቀኑ 93.9 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ጥምሩን በዚያው በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። ለገበሬው 13 ቀን ተረፈለት ማለት ነው።

ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ምርምራቸውን ወደ ሌላ አገር ሲያወጡ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት «ዋናው መሥሪያ ቤት ያስባል፣ ቅርንጫፉ ይሠራል» ብለው ነው። ለአንድ የውጭ ጥናት ዳታ የሚሰበስብ ጓደኛዬ «እኛ እኮ ፖስተኞች ነን» ይለኛል። «ናሙና እንልካለን፣ አለቀ።» ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የካላዛሩ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል፤ ጥያቄው አንድ ይሁን፣ የሩቁ ጣቢያ መልስ ግን አማካይ ውስጥ አይቀበር።

ስለዚህ የውጭ ፕሮጀክት መጥቶ ሲቀጥራችሁ ደመወዙን ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ቀጥሎ ግን ይህችን ጨምሩ፦ የእኛ ቁጥር ከሌላው ሲለይ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? እኛስ ስንጠይቅ የሚሰማን አለ?