«አትንካ!»

«አትንካ!» የሚለውን ቃል ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ በበኩሌ ከስሜ ይልቅ በዚህ ቃል የተጠራሁ ይመስለኛል። የስኳር ዕቃውን አትንካ፣ የአባትህን ጋዜጣ አትንካ፣ የእንግዳ ብርጭቆ አትንካ። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አትንካ አልኩህ፣ አትንካ!»

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሬዲዮ ፈታሁት። ዓላማዬ ውስጥ ሆነው ዜና የሚያነቡትን ትንንሽ ሰዎች በዓይኔ ለማየት ነበር። ያገኘሁት ሽቦ፣ አቧራና አንድ የሞተ በረሮ ነው። ያን ዕለት የቀመስኩትን ኩርኩም እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሚገርመኝ ግን ኩርኩሙ አይደለም። ያ ሁሉ ኩርኩም ሲወርድብኝ ድምፅ ያለ ሽቦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እኛ ቤት ድረስ እንዴት እንደሚመጣ አንዲት ቃል የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። አባቴ ራሱ ያውቀው ነበር? ዛሬ ሳስበው የሚያውቀው አይመስለኝም። «አትንካ» ማለት ደግሞ «አላውቅም» ከማለት ይቀላል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ቡሹሎ ነው። ቡሹሎ ከሐዋሳ መሀል ከተማ ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር የሚገኝ ቀበሌ ነው። የባለቤቴ ወላጆች የሚኖሩት እዚያ ነው። ከግቢያቸው ሆናችሁ ስታዩ መጀመሪያ ደንገሉ፣ ከደንገሉ ወዲያ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ታቦር ተራራ ይታያችኋል። አማቴ ከዚህ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ እያወጡ ስድስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። አሁን መረቡን ለልጆቻቸው ትተዋል። ማታ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና ሐይቁን ያያሉ። አስተያየታቸው ግን ያበደረውን ገንዘብ ያልመለሱለት ሰው አስተያየት ነው።

ለፍቼ ጨምበላላ ሄደን ነበር። በቅቤ የራሰውን ቡርሳሜ እስኪበቃን ከበላን በኋላ የባለቤቴ እህት ልጅ ከጓደኛው የተዋሰውን ፍላሽ ይዞ መጣ። ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄ አያልቅበትም። ፍላሹ ላይ ያለው ፊልም «ጁራሲክ ፓርክ» ነበር፤ ማይክል ክራይተን እ.ኤ.አ. በ1990 ካሳተመው ልብ ወለድ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1993 የሠራው። ታሪኩን የምታውቁት ይመስለኛል። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ፣ በዛፍ ሙጫ ውስጥ ደርቃ ከቆየች ትንኝ ሆድ የዳይኖሰር ደም ያስወጣና ከምድር ገጽ የጠፉትን አውሬዎች መልሶ ይፈለፍላል። ደሴት ላይ መናፈሻ ሠርቶም ያጥራቸዋል። አንድ የሒሳብ ሊቅ «ተው፣ ይህ ነገር ከእጅህ ይወጣል» ይለዋል። አይሰማም። ከዚያ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አማቴ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «የሞተን ነገር ለምን ይቀሰቅሱታል?» አሉ።

«ለማየት ነዋ፣ አባባ!» አለ ልጁ።

«አይተው ምን ሊሆኑ?»

እኔ ሣቅሁ። ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ሁሉም ቢጨመቅ ግን ከነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች የሚያልፍ አይመስለኝም። አንዱ ወገን «ልየው» ይላል፤ ሌላው «አይተህ ምን ልትሆን» ይለዋል። ልጁ ደግሞ እኔ ያላየሁትን አየ። «ጋሼ፣ እዚህ ፊልም ላይ እኮ ሽማግሌው ነው ልጁ፤ ወጣቱ ነው ሽማግሌው» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚቸኩለው ነጭ ጺሙን ያንዠረገገው ባለጸጋ ነው፤ «ተው» የሚለው ጥቁር በጥቁር የለበሰው ጎረምሳ ቢጤ ሊቅ። ጥንቃቄ ከሽበት ጋር ብቻ አይመጣም ማለት ነው።

ፊልሙ እንዳለቀ ልጁ ወደ አያቱ ዞረ። «አባባ፣ የኛ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ሲግጥ ከቅርብ ማየት ይቻላል?»

የሽማግሌው ፊት ወዲያው ተለዋወጠ። «ወደዚያ ዝር እንዳትል!»

«ለምን?»

«ብያለሁ፣ ብያለሁ!» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

በማግሥቱ ልጁ ብቻዬን አገኘኝና፣ «ጋሼ፣ አንተስ ልጅ ሆነህ የከለከሉህን ነገር ነክተህ ታውቃለህ?» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ የሬዲዮውን ታሪክ ነገርኩት፤ ትንንሾቹን ሰዎች፣ በረሮውን፣ ኩርኩሙን። ከልቡ ሣቀ። በመጨረሻም እንደ አዋቂ ተኮፍሼ፣ «ያልነካ አያውቅም፤ ሳይንቲስት ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው» አልኩት። ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ነገሩን ሳሰላስል ወደ ሁሉም አያት ሄድኩ፤ ወደ «ፍራንከንስታይን»። ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ይመስለዋል፤ የሠሪው ስም ነው። ሜሪ ሼሊ ታሪኩን መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1816 ክረምት በሚመስል በጋ፣ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲላት፣ በጄኔቭ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። በ1818 ታትሞ ሲወጣ ስሟ እንኳ አልነበረበትም። እሷም ብትሆን የአባቷን «አይሆንም» ሳትሰማ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ከፍቅረኛዋ ጋር የኮበለለች ልጅ ናት።

ከመጽሐፉ ሰው የሚያስታውሰው ጭራቁን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሁሉም የሚያልፈው አንድ ትንሽ ቦታ ነው። ቪክቶር ፍራንከንስታይን የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ የድሮ አስማተኛ መጽሐፍ ያገኛል። ደስ ብሎት ለአባቱ ያሳያል። አባትየው የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ ገረፍ አድርገው ያዩና «በዚህ ቆሻሻ ጊዜህን አታባክን» ዓይነት ነገር ብለው ያልፋሉ። በቃ። ቪክቶር ኋላ ሁሉ ነገር ከጠፋ በኋላ ይህን ቀን ያስታውሳል። አባቴ ያ ዕውቀት ለምን እንደተሻረ፣ በቦታው ምን የተሻለ እንደመጣ ጊዜ ወስዶ ቢያስረዳኝ ኖሮ መጽሐፉን እጥለው ነበር፤ ምናልባትም ያ ጥፋት ባልደረሰ ነበር ይላል።

አባትየው እኮ ልክ ነበሩ! መጽሐፉ በእርግጥም የማይረባ ነው። ልክ መሆናቸው ግን ልጃቸውን አላዳነውም። «ለምን»ን ያላስከተለ «ተው» ልጁን ከነገሩ አላራቀውም፤ ነገሩን ሌሊት፣ ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ እንዲሠራው ብቻ አደረገው። ቪክቶርም በተራው ይኸንኑ ደገመው። የሠራው ፍጡር ዓይኑን ሲገልጥ ደነገጠና ጥሎት ሮጠ። አንድ ቃል ያላናገረው ፍጡር ነው ኋላ ጭራቅ የሆነው።

«ይህ የፈረንጅ ተረት ነው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን ይህን ታሪክ ያለ መጽሐፍ ኖረነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። ራስ መኮንን ከጣሊያን ጉዟቸው ስልክ ይዘው በመጡ ጊዜም ከካህናቱ መካከል ሰው ሳይታይ የሚሰማ ድምፅ የሰይጣን ነው ብለው የተቃወሙ እንደነበሩ ይተረካል። እዚህ ላይ ግን የኛ ታሪክ ከፈረንጆቹ ይለያል፤ «ልየው» ያሉት ንጉሡ፣ «ተው» ያሉት በዙሪያቸው ያሉት ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ስልኩንም፣ ባቡሩንም፣ አውቶሞቢሉንም ነክተው ያዩ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። ለምን ዐዋጅ አስፈለገ? ብረት አቅልጦ ማረሻ የሚሠራውን ሰው ቀን በማረሻው እያረስን ማታ «ቡዳ» እያልን የምንሸሸው ሕዝብ ስለነበርን ነዋ። ያልገባንን ዕውቀት ስም ሰጠነውና ተገላገልን። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚል ተረት ያለው አገር፣ የማያውቀው ነገር ሲመጣ መልአክ ነው ሰይጣን ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

በቅርቡስ? አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ መሆን ይመኝ ነበር፤ ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር አነሰና ተመለሰ። የኅብረተሰብ ጤና አጠና፤ ምኞቱ ግን አልለቀቀውም። ራሱ አንብቦ፣ ኢንተርኔት ላይ ተምሮ፣ ያገኘውን ዕቃ ሰብስቦ አውሮፕላን ሠራ። «ኬ-570ኤ» አላት፤ «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም ነው፣ 570 የፈጀበት ቀን። እ.ኤ.አ. በ2015 ለመብረር ያደረገው ሙከራ አልሰመረም፤ ወሬው ግን ዓለምን ዞረ። የቁመት ደንብ ያለምክንያት አልወጣም፤ ሰማይ ላይ ቀልድ የለም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ «አይሆንም» ከተባለ በኋላ «በዚህ በኩል ግን ና» የሚለው ሰው ቢያገኝ ምን ይሆን ነበር?

ወደ ቡሹሎ ልመልሳችሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ራት ቀርቦ ልጁ ጠፋ። መጀመሪያ ጎረቤት ነው ተባለ። ከዚያ አጎቱ ወደ ዳሩ ወርዶ ሲያይ አንዷ ጀልባ የለችም። ቤቱ ተተራመሰ። ሴቶቹ እየጮኹ፣ ወንዶቹ ባትሪ እያበሩ ወደ ሐይቁ ሮጥን። ማዶ የከተማው መብራት ያብረቀርቃል፤ ከፊታችን ያለው ውሃ ግን ጥቁር ነው። ከደንገሉ ውስጥ አንድ ወፍራም የማንኮራፋት ድምፅ መጣ። ጉማሬ ነው። ሁላችንም ዝም አልን።

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ለልጁ ያልነገርኩትን አሰብኩ። ሬዲዮውን የፈታሁት አንድ ጊዜ አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜም ፈትቼዋለሁ፤ ያኔ ግን ሶኬቱን አልነቀልኩትም ነበር። ኤሌክትሪኩ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ። ለልጁ በረሮውን ነገርኩት፣ ጠባሳውን ደበቅሁት። ታሪኬ እንዳይበላሽብኝ! አያትየው አደጋውን እያወቁ ምክንያቱን ደበቁ፤ እኔ ደግሞ ደስታውን እያወራሁ አደጋውን ደበቅሁ። በሁለታችን መሀል የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጨለማ ውስጥ ገባ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ የመቅዘፊያ ድምፅ ተሰማ። ልጁ ነው። ሩቅ አልሄደም፤ ድምፁን ሲሰማ ፈርቶ ደንገሉን ይዞ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ከጀልባዋ ሲወርድ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ ዕልል ትበል ታልቅስ ጠፋት። አጎቱ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ።

አማቴ እጃቸውን አነሡ። «ተወው» አሉ። ከዚያ እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጡ፤ ልጁንም አጠገባቸው አስቀመጡት። እኔ ወደዚያ ቤት መግባት ከጀመርኩ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ያን ምሽት የሰማሁትን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ባለቤቴም አልሰማችውም።

ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ከንጋቱ በፊት አብረው መረብ ሊያነሡ ገቡ። ጉማሬው ሣር ግጦ ወደ ውሃው ሲመለስ ጀልባቸው መንገዱ ላይ ነበረች። ገለበጣት። እሳቸው ዋኝተው ወጡ። «ና እንሂድ ብዬ የቀሰቀስኩት እኔ ነበርኩ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ፣ «አባባ፣ ይህን ብትነግሩኝ እኮ አልሄድም ነበር» አለ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «አውቃለሁ» አሉ።

የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ ነገር የሚያበቃው በትእዛዝ አይደለም፤ ተነግሮ፣ ተደምጦ፣ ተብላልቶ ነው። አማቴም ስንት የሰው ጠብ እንዲህ አድርገው የፈቱ ሰው ናቸው። ለገዛ ቤታቸው ግን «ብያለሁ፣ ብያለሁ» ነበር የተረፋቸው። አልፈርድባቸውም። አንዳንድ «አትንካ» ጉልበት ሳይሆን ያልዳነ ቁስል ነው። ቁስሉን የማያይ ልጅ ግን የሚያየው ጉልበቱን ብቻ ነው፤ ጉልበትን ደግሞ ልጅ ሁሉ መፈተኑ አይቀርም። እኛም «ያልነካ አያውቅም» የምንል ዘመናዊዎች ጠባሳችንን እጃችን ውስጥ ጨብጠን አናስተምር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ አማቴ ልጁን ይዘው ወደ ዳሩ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ጭቃው ላይ የጉማሬውን ዱካ አሳዩት። በየት እንደሚወጣ፣ በየት እንደሚመለስ፣ በእሱና በውሃው መሀል መቆም ለምን ሞት እንደሆነ በዱላቸው መሬት እየጫሩ አስረዱት። ልጁ እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብሎ ሰማ። ሲጨርሱ ቀና አለና፣

«ቀን ውሃ ውስጥ ሲተኛ ግን እንዴት ነው የማይሰምጠው?» አለ።

አማቴ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ሐይቁ አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩትን ውሃ እንደገና አዩት።

«እሱን እንኳ እኔም አላውቀውም» አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው ጨመሩ፤ «እስቲ ፈልገህ ንገረኝ። በቀን ግን!»