ከመቶ ስንት?

በፍኖተ ሰላም መሥሪያ ቤቶች ኅዳር ሲመጣ የሻይ ሰዓት ወሬ ይለወጣል። ስለ ዝውውርና ስለ ደመወዝ እርከን የሚወራው ቀርቶ፣ የባንኮች የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ስንት ትርፍ እንዳከፋፈለ ይነሣል። «እገሌ ባንክ ከመቶ 35 ከፈለ» ሲባል የሰማ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ የቆጠበውን አውጥቶ አክሲዮን ለመግዛት ይቸኩላል። ገንዘብን በሥራ ላይ ማዋል የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ «ይህ መቶ የማን መቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

35 ተብሎ የሚነገረው የሚሰላው በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ እንጂ ገዢው ባወጣው ገንዘብ አይደለም። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን ከመቶ 35 ቢያገኝ ድርሻው 350 ብር ይሆናል። ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው እጅ በ1,500 ብር የገዛ ግን ካወጣው ከየመቶ ብሩ የሚያገኘው 23 ብር ከ33 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ይኸውም ግብሩ ገና ሳይነሣለት ነው።

ይህን ነገር ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ለሚኖሩት አጎቴ ላስረዳ ብሞክር፣ ከእኔ የተሻሉ አስተማሪ ሆነው አገኘኋቸው። የበርበሬውን ገንዘብ ካንድ የእርሻ በሬ ዋጋ ጋር ደምረው፣ ለልጃቸው ትምህርት የሚሆን አክሲዮን ሊገዙ አስበው ነበር።

«አጎቴ፣ አንቱ ላም ሲገዙ የሚጠይቁት ስንት እንደምትታለብ ነው?» አልኳቸው።

«እሱንማ ባለላሙ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። ትናንት የወለደች ላም ሁሉ ደኅና ትታለባለች። እኔስ የምጠይቀው ስንት እንደ ወለደች፣ ስንት ጊዜ እንደ ነጠፈች፣ መኖ ባጠረበት በጋ እንዴት እንደ ከረመች ነው» አሉኝ።

የአክሲዮንም ነገር እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ባንክ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 28፣ 30፣ 12፣ 10ና 35 ከፍሎ እንደ ሆነ፣ አማካዩ 23 ይሆናል። በ1,500 ብር ለገዛው ሰው ይህ ከመቶ 15 ግድም ነው። ሻጩ 35 ሲል ታሪኩ 15 ይላል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን የዋጋ ንረት ከመቶ 30 አልፎ ነበርና፣ በዚያ ዓመት 15 ያገኘ ሰው ገንዘቡ በቁጥር ሲበዛ በገበያ ግን ሲያንስበት አይቷል።

ይሁንና የድርሻ ማነስ ሁሉ ክፉ ምልክት አይደለም። የአገራችን የባንክ ሕግ፣ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ ባንኮች ከየዓመቱ የተጣራ ትርፍ አንድ አራተኛውን እንዲያስቀምጡ አዝዞ ነበር። አንዳንዱም ትርፉን ካፒታል ለማሳደግ ያውለዋል። ሌላው ግን ያበደረው ሳይመለስለት ቀርቶ ይሆናል። የፊተኛው ጥጃዋን ስለምታጠባ ወተቷ ያነሰ ላም ነው፤ የኋለኛው ግን የታመመች።

ደግሞ መልካም ታሪክም ቢሆን ዋስ አይሆንም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ባንኮችንና ታላላቅ ኩባንያዎችን ሲወርስ የስንቱ ድርሻ ባዋጅ ተቋረጠ። የግል ባንክ እንደ ገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ አነስተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ማለት 9,900 ብር ነበር። እንግዲህ ነገሩ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የደመወዝተኛውም ጉዳይ ሆኗል።

አጎቴ በሬውን አልሸጡም። «በሬዬ በየክረምቱ ድርሻዬን ይከፍለኛል፤ ታሪኩንም አውቀዋለሁ» ብለው የበርበሬውን ገንዘብ ብቻ መደቡ።

ወጣት አንባቢዬም አክሲዮን ልትገዛ ስትነሣ፣ የአንድ ዓመት ሳይሆን የአምስት ዓመት ሪፖርት አስቀርበህ ተመልከት፤ ድርሻውን ለምታወጣው ገንዘብ አካፍል፤ ባነሰበት ዓመት ለምን እንዳነሰ ጠይቅ። ይህን ሁሉ ለመሥራት አንድ እርሳስና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ይበቃል፤ ገንዘቡን ለማጠራቀም ግን ስንት ዓመት እንደ ፈጀ አንተው ታውቀዋለህ።