ከመሰላ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ተነስቶ ወደ መሰላ የሚጓዝ ሰው በጨርጨር ደጋ ጫቱን፣ ማሽላውንና ቡናውን እያየ ይሄዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በቁቤ የተጻፈ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። ፌዴራሊዝም ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ መነሻው እዚሁ አለለት።

የመሰላ ሰው ለወረዳው ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል። በመካከል ያለው ዞን የክልሉ አስተዳደር እርከን እንጂ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። ብዙ አቤቱታ እዚያ የሚንከራተተው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ስላልታወቀ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ደንግጓል። በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል ሲኖረው፣ በተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ሌላ አንድ ይጨመርለታል። አሜሪካኖች ግን በሴኔታቸው ለትንሹም ለትልቁም ግዛት እኩል ሁለት ወንበር ሰጥተዋል፤ ሕዝብ የሚቆጠረው 435 አባላት ባሉት በሌላው ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመውም እዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲሆን፣ በእኛ አገር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ይህ ለሙስሊም ቤተሰብ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንዲት ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ፈቃዴን አልሰጠሁም ብትልም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ ወሰነባት። አቤቱታዋ በመጨረሻ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ውሳኔውን ሻረው። መሠረቱ አንቀጽ 34 ነው፤ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው ይላል። አንዳንዶች ይህን ሸሪዓን እንደ መንካት ያዩታል፤ እኔ ግን ፈቃድ የተጠየቀችን እህት እንደ ማክበር አየዋለሁ።

ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። አባት መሰላ ኖሮ ከሞተና ወራሾቹ ሸሪዓን ከመረጡ፣ አንዱ ልጅ ድሬዳዋ ቢነግድም ጉዳዩ የሚታየው በኦሮሚያ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ ይግባኙም ወደ ክልሉ ጠቅላይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይወጣል። አባትየው የድሬዳዋ ነዋሪ ቢሆን ኖሮ ግን ከተማዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች መዝገቡ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይከፈት ነበር።