የሰው ወርቅ

ጥር 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት። አርሰናል በኤሚሬትስ ስታዲየም ማንቸስተር ዩናይትድን ያስተናግዳል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ሞልቷል። ሁለቱም ወገን ቀይ ስለለበሰ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ የሚለየው በጩኸቱ ብቻ ነው።

ጨዋታው 0 ለ 0 ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሚኬል አርቴታ ኤሚል ስሚዝ ሮውን አስወጥቶ ከሦስት ቀን በፊት የመጣውን የ22 ዓመት ኖርዌያዊ አስገባ። ማርቲን ኦዴጋርድ ይባላል።

«የራሳችንን ልጅ አስወጥቶ የሰው ልጅ ያስገባል!» አሉ ከጥግ የተቀመጡ ጎልማሳ።

«ጋሼ፣ ቆይ እስቲ መጀመሪያ ኳሷን ይንካት» አለ አጠገባቸው ያለው ወጣት።

«ይንካታ! ነክቶ ነክቶ ሲጎብዝ ማን ይወስደዋል? ማድሪድ! የሰው ወርቅ አያደምቅ ልጄ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሁሉም በላይ የሳቁት የዩናይትድ ደጋፊዎች ነበሩ። ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ። የሁለቱ ክርክር ግን እስከ ክረምት ዘለቀ።

ውሰት ለአበሻ አዲስ ነገር አይደለም። ሰርግ ሲደገስ ከጎረቤት ትሪና ብርጭቆ፣ ከእድር ድንኳንና ወንበር ይመጣል። የተዋሱትን ዕቃ ሰው ይጠነቀቅለታል እንጂ የእኔ አይለውም። እንዳይሰበር ይፈራል፣ ታጥቦ በቀኑ እንዲመለስ ያስባል። በእግር ኳስ ግን ደጋፊው የሚጠየቀው ከጥንቃቄ በላይ ነው። ለዘጠና ደቂቃ ልቡን እንዲሰጥ፣ በግንቦት መጨረሻ ደግሞ ልቡን መልሶ እንዲወስድ ይፈለጋል። የኦዴጋርድ ውል እስከ ውድድር ዓመቱ ፍጻሜ ብቻ ነበር፤ አርሰናል ልጁን የመግዛት ቅድሚያ መብት የሚሰጥ አንቀጽም አልነበረውም። ጎበዝ ቢሆን ይሄዳል፣ ደካማ ቢሆንም ይሄዳል። እንዲህ ባለ ውል የመጣን ልጅ በጥርጣሬ ማየት ክፋት አይደለም።

ጋሼ ደግሞ ትዝታ ነበራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2019፣ ዴኒስ ሱዋሬዝ ከባርሴሎና በውሰት ሲመጣ ያኔም ቤቱ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሱዋሬዝ አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር ተመለሰ። ዳኒ ሴባዮስም ከዚያው ከማድሪድ በውሰት መጥቶ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አንዳንድ ቀን ያምራል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል፣ የማን እንደሆነ ግን ሁሌም ይታወቃል። በዚያ ላይ ሜሱት ኦዚል በዚያው በጥር ወር ወደ ፌነርባቼ ሄዷል። የኦዚልን ቦታ የሚሞላ ሰው ሲጠበቅ የመጣው ማድሪድ ያላሰለፈው ልጅ ነው።

ከሁሉም የከበዳቸው ግን የስሚዝ ሮው ነገር ነው። ስሚዝ ሮው በአርሰናል አካዳሚ ያደገ የቤት ልጅ ነው። ቡድኑ በሰንጠረዡ ወደ ታች ሲንሸራተት ቆይቶ ገና በዋለ ማግስት ቼልሲን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ ያ ልጅ ገብቶ ነበር ነፍስ የዘራው። ለሳምንታት በእሱ ጮቤ ሲረግጥ የከረመ ደጋፊ ልክ በዚያው ቦታ የሚጫወት የውሰት ተጫዋች ሲመጣ «ለምን?» ቢል አይፈረድበትም። በስድስት ወር ለሚሄድ ልጅ ሲባል አሥር ዓመት ሊያገለግል የሚችል ልጅ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኪሳራው የማን ነው?

ወጣቱም መልስ አላጣም። የኦዴጋርድን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። በ15 ዓመቱ ለኖርዌይ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። በ16 ዓመቱ ማድሪድ ገባ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በጌታፌ ጨዋታ ሮናልዶን ቀይሮ ሲገባ በክለቡ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ተሰላፊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሻንጣውን እንዳነገተ ነው። ሁለቱ የኔዘርላንድ ክለቦች ሄረንቪንና ቪቴስ፣ ቀጥሎ በስፔን ሪያል ሶሲዳድ፣ ሁሉም በውሰት። በሶሲዳድ ቆይታው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በንጉሡ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በርናቤው ሄዶ በራሱ በማድሪድ መረብ ላይ ጎል አስቆጠረ። ሶሲዳድ 4 ለ 3 አሸንፎ አለፈ። «በአሳዳሪው ላይ ጎል የሚያገባ ልጅ ፈሪ አይደለም ጋሼ» ይላል ወጣቱ።

ይህ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በስድስት ወር ኮንትራት ተቀጥሮ ይሠራል፤ ኮንትራቱ አንድ ጊዜ ታድሶለታል። ቋሚ ሠራተኛ ሲያረፍድ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ይባላል፣ የኮንትራት ሠራተኛ ሲያረፍድ ግን ይመዘገባል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ «ይህ ልጅ እስኪ ያሳየን» ሲል እሱን ትንሽ ያመዋል። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ጋሼ ግን ሳይገባቸው አልቀረም፤ አንድ ቀን የሻይ ሒሳብ ሲከፍሉለት «አንተ ደግሞ እንደ ወንድምህ ነው የምትከራከርለት» ብለውታል።

መጋቢት መጣ። ሁዳዴ ከገባ ገና የመጀመሪያው እሑድ ላይ አርሰናል ከቶተንሃም ተገናኘ። ከሦስት ቀን በፊት ኦዴጋርድ በኦሊምፒያኮስ ላይ ከሳጥን ውጭ መትቶ ለአርሰናል የመጀመሪያ ጎሉን አግብቷል። ቶተንሃም በላሜላ ጎል ቀድሞ ሲመራ ቤቱ ዝም አለ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ኦዴጋርድ የመታት ኳስ በተከላካይ ተነክታ ገባች። ጋሼ ተነሥተው ጮኹ። ከጮኹ በኋላ ግን ዞር ብለው ወጣቱን አዩትና «ተነክታ ነው የገባችው» ብለው ተቀመጡ። አርሰናል 2 ለ 1 አሸነፈ። በሳምንቱ ከዌስትሃም ጋር ቡድኑ 3 ለ 0 ከመመራት ተነሥቶ 3 ለ 3 ሲለያይ፣ ኳስ ስጡኝ እያለ ጨዋታውን የዘወረው ይኸው የሰው ልጅ ነበር።

ከዚያ ግን ነገሩ እንደ ተረት አልቀጠለም። ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ሚያዝያ ላይ ጨዋታዎች አመለጡት። በዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ አርሰናል በቪያሪያል ተሸንፎ ወጣ። ሊጉንም 8ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ውድድር ውጭ ሆነ። የልጁ ሒሳብ ሲሠራ በሊጉ 14 ጨዋታ፣ 1 ጎል፣ 2 ለጎል የሚሆኑ ኳሶች። ሻንጣውን ይዞ ወደ ማድሪድ ተመለሰ። ጋሼ ምንም አላሉም። ማለትም አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ቁጥሩ ለእሳቸው ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ ነው የውሰት ነገር የሚከብደው። 14 ጨዋታና 1 ጎል ለአንድ አጥቂ አማካይ የሚያኮራ ቁጥር አይደለም። በወረቀት ብቻ የሚፈርድ ሰው «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን» ብሎ ነበር የሚሸኘው፤ ሲሸኘውም ተሳሳተ የሚለው አይኖርም ነበር። ልጁን በየቀኑ ልምምድ ላይ ያየው አርቴታ ግን ከቁጥሩ ውጭ ያለውን አይቷል፤ ኳስ ሲነጠቅ መጀመሪያ የሚሮጠው ማን ነው? ቡድኑ ሲመራ ኳስ ለመቀበል የማይደበቀው ማን ነው? ደጋፊውም ይህን በዌስትሃም ጨዋታ አይቶት ነበር። ግን ያየውን ለማመን ፈራ፤ ካመነ ይወደዋል፣ ከወደደው ደግሞ በግንቦት ይወሰድበታል። ከጥርጣሬው ግማሹ ስለ ልጁ ችሎታ አልነበረም፤ ራስን ከሐዘን መጠበቂያ ነበር።

የሚረሳ ሌላም ነገር አለ። ውሰት የሚፈትነው ልጁን ብቻ አይደለም። በ16 ዓመቱ በዓለም ትልቁ ክለብ የገባ፣ ከዚያ አራት ክለብ የዞረ ልጅ እሱም ይመዝናል፤ አሰልጣኙ ያምነኛል ወይ? ስሳሳት ምን ይሉኛል? እዚህ ቤት ልሠራ እችላለሁ ወይ? ደጋፊ «እስኪ ያሳየን» ሲል እሱም በልቡ «እስኪ አሳዩኝ» እያለ ነው።

ነሐሴ 7 አርሰናል አዲሱን ዓመት በብሬንትፎርድ 2 ለ 0 ተሸንፎ ጀመረ። ነሐሴ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ኦዴጋርድ በ30 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ በቋሚነት ፈረመ። በሳምንቱ ቡድኑ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ሲሸነፍ ጋሼ «ይኸው ገዛነው!» ብለው ከቤቱ ወጡ። በመስከረም በርንሌይ ሜዳ ላይ የቅጣት ምት አግብቶ 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ግን ተመልሰው ተቀምጠው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ የአምበልነቱን ጨርቅ አሰረ። እ.ኤ.አ. በ2022/23 በሊጉ 15 ጎል አስቆጥሮ ቡድኑን እስከ ሁለተኛ ደረጃ መራ። ስሚዝ ሮው ደግሞ ጉዳት እየደጋገመው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ፉልሃም ተሸጠ። የሰው ልጅ ቀረ፣ የቤት ልጅ ሄደ። ያንን ጥር ማንም እንዲህ ይሆናል ብሎ ቢናገር ቤቱ ይስቅበት ነበር።

የወጣቱ ኮንትራት ኦዴጋርድ በፈረመበት በዚያው ክረምት አልታደሰም። ምክንያቱ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተገለጸለት። በየቀኑ ሥራውን ያየው የቅርብ አለቃው ደብዳቤውን የጻፈው ሰው አልነበረም። ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ስምንት ወር ፈጀበት፤ በእነዚያ ስምንት ወራት የጨዋታ መግቢያውን የከፈሉለት ጋሼ ናቸው።

አሁንም የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ክርክሩ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ስተርሊንግ ከቼልሲ በውሰት መጥቶ በሊጉ አንድም ጎል ሳያገባ ሲመለስ ጋሼ ሙሉ ዓመት ነገሡ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ አላልኩም?»

«ጋሼ፣ አምበላችን እንዴት ነው የመጣው?»

«እሱንማ ገዛነው!» ይላሉ ጋሼ፤ ቤቱ ይስቃል። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ ይጨምራሉ፦ «ባይመጣ ኖሮ ግን ምኑን አይተን እንገዛው ነበር።»