የጥምቀት ፎቶዎቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ

ጥር 10፣ በከተራ ዕለት፣ የጎንደር ታቦታት በዝማሬና በእልልታ ታጅበው ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። በማግስቱ ጠዋት ውኃው ይባረካል፤ ጸበሉ በሕዝቡ ላይ ይረጫል፤ ወጣቶችም እየዘለሉ ይገቡበታል። ቀኑ ለፎቶ ግሩም ነው፤ ለስልክ ግን ያሰጋል። ውኃ አለ፣ ግፊያ አለ፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋም።

ስልክ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። አያታችሁ በነጭ ነጠላቸው ሆነው፣ ጸበሉ ፊታቸው ላይ እየወረደ የሳቁበት ፎቶ ግን አይገዛም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ማታ ወደ ማረፊያችሁ ስትመለሱ፣ የቀኑን ፎቶ ሁሉ ስልክ ላይ በሚሰካ ፍላሽ ገልብጡ። ፍላሹንና ስልኩን በአንድ ቦርሳ አትያዙ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ዋይፋይ ስታገኙ ደግሞ ወደ ጉግል ፎቶስ ወይም ወደ አይክላውድ ይጫን። ነገር ግን መብራት ሊጠፋ፣ ኢንተርኔቱም ሊዘገይ ስለሚችል በእርሱ ብቻ አትተማመኑ። ስልኩ ሲሞላባችሁም ለመሰረዝ አትቸኩሉ። አይክላውድ ፎቶዎችን ከስልኩ ጋር ስለሚያመሳስል፣ ከስልኩ የሰረዛችሁት ከዚያም ይሰረዛል። መጀመሪያ ፍላሹን ከፍታችሁ ፎቶዎቹ በትክክል መገልበጣቸውን እዩ።

ከመሰነባበታችሁ በፊት፣ የተመረጡትን ለአክስታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ከላካችሁት ጥራቱ አይቀንስም። ያን ጊዜ ሻንጣችሁ እንኳ መንገድ ላይ ቢቀር፣ የአያታችሁ ሳቅ ጎንደር ውስጥ ይጠብቃችኋል።