ብቻውን የነገሠ አንበሳ የለም

ሳንቲማችን ላይ ያለው አንበሳ ብቻውን ነው። በየአደባባዩ የቆመውም ብቻውን ነው። እኛም ንግሥና የብቻ ነገር መስሎን አድገናል። የዱር አንበሶችን ዓመታት ሙሉ በዱካ፣ በሬዲዮና በሳተላይት የተከታተሉ ሰዎች ያዩት ግን ሌላ ነው። ጓደኛ የሌለው ወንድ አንበሳ ንጉሥ ሳይሆን ተንከራታች ነው። ይህን ማወቅ አንበሳን የምንጠብቅበትን መንገድ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወንድ ደቦል ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ከተወለደበት መንጋ ይወጣል። ወንድሞችና የአጎት ልጆች ካሉት አብረውት ይሰደዳሉ። ዘመድ የሌለው ደግሞ የማያውቀውን ወንድ ይወዳጃል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ከ1966 ጀምሮ በተደረገው ክትትል እንደታየው፣ አራትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚጣመሩ ወንዶች ዘመዳሞች ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በሚጣመሩት መካከል ግን በደም የማይገናኙ ብዙ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግዛት የሚያዘው በዚህ ጥምረት ነው። አብረው ይዞራሉ፣ ቁጥቋጦውን በሽንታቸው ምልክት ያደርጉበታል፣ ሌሊት አብረው ያገሳሉ። ድምፃቸው እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል። በሴሬንጌቲ የተቀዳ የአንበሳ ድምፅ በማሰማት በተደረገ ሙከራ፣ ሴቶቹ አንበሶች የሚያገሳው አንድ ይሁን ሦስት ለይተው እንደሚያውቁ ታይቷል። መለየታቸው የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ነባሮቹ ወንዶች ተሸንፈው አዲሶች ሲገቡ፣ ገቢዎቹ ደቦሎቹን ይገድላሉ፤ እናቶቹ ቶሎ ለመራባት ዝግጁ የሚሆኑት ያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ ደቦል የሚያድገው የአባቶቹ ጥምረት ሳይፈርስ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ዚምባብዌው ሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ እንሂድ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1999 ጀምሮ እዚያ አንበሶችን ይከታተላሉ። ከነዚህ አንዱ ሴሲል ነበር። ወንድሙ ከሌሎች አንበሶች ጋር በተደረገ ፍልሚያ ሞተ። ኋላ ጄሪኮ ከሚባል፣ ዘመዱ ካልሆነ ወንድ ጋር ተጣምሮ ግዛት ያዘ። አንገቱ ላይ የታሰረው ጂፒኤስ እንቅስቃሴውን ለተመራማሪዎቹ ይነግራቸው ነበር።

የፓርኩ ወሰን በአንድ በኩል የባቡር ሐዲድ ነው። ለአንበሳ ሐዲድ ወሰን አይደለም፤ የእሱ ወሰን ሌላው ጥምረት የሚያገሳበት ቦታ ነው። በሐምሌ 2015 ሴሲል ሐዲዱን ተሻግሮ፣ ለማማለያ ወደተቀመጠ የዝሆን ሥጋ ሄደ። እዚያ በአዳኝ ቀስት ተመታ፤ ኋላም ሞተ። የ13 ዓመት አንበሳ ነበር። ዓለም በሙሉ ጮኸ። ብዙዎች የፈሩት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ነበር፦ ብቻውን የቀረው ጄሪኮ ግዛቱን መያዝ ያቅተው ይሆን? የሴሲል ደቦሎችስ? ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጄሪኮም ተገደለ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ውሸት መሆኑን ያረጋገጠው ከአንገቱ የሚመጣው ምልክት ነበር። ጄሪኮ ደቦሎቹን አልገደለም፤ አብሯቸው ቆየ። በ2016 በተፈጥሮ ሞት ሞተ። በ2017 ግን የሴሲል ልጅ ዛንዳ፣ እሱም አንገቱ ላይ መከታተያ እያለ፣ ከፓርኩ ውጭ በአዳኝ ጥይት ወደቀ።

የሴሲል ስም ዓለምን ከማዳረሱ ከዓመታት በፊት እውነቱ በጥናት ተጽፎ ነበር። በዚያው በሁዋንጌ ምልክት ከተደረገባቸው 62 አንበሶች 24ቱን የገደሉት ለመዝናኛ የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። አዋቂ ወንዶቹን ብቻ ከወሰድን 72 በመቶው በአዳኞች ተገድለዋል። የአደን ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው «አንድ ወንድ አንበሳ» ነው። የሚጠፋው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ጓደኛው ይዳከማል፣ እንግዳ ይገባል፣ ደቦሎች ይሞታሉ፣ ከፓርኩ መሀል ሌላ ወንድ ወደ ባዶው ቦታ ይሳባል፤ እሱም ወሰኑ ላይ ይገደላል።

አደን የሚያስገኘው ገንዘብ መሬቱን ከእርሻ ያድናል የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ ዱሩ ከታረሰ አንበሳ የሚኖርበት አያገኝም። ቢሆንም ሒሳቡ ትክክል የሚሆነው የሞተው ሁሉ ሲቆጠር ነው። ሁዋንጌ ላይ ጥናቱ ተሰምቶ አደኑ ለጥቂት ዓመታት ታገደ፤ ሲከፈትም ኮታው ተቀነሰ። አዋቂ ወንዶቹ እንደገና በዙ። መከታተል ብቻውን ማንንም አላዳነም። ያዳነው በክትትል የተገኘውን እውነት ሰምቶ መወሰን ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2016 ከዚሁ ከኦክስፎርድ ቡድን ጋር የሚሠራ ተመራማሪ የመራው ጉዞ፣ በሰሜን ምዕራብ አገራችን በአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራና በዱካ አረጋግጧል። ፓርኩ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይዋሰናል። በአንድ ጥምረት ያሉ ሁለት ወንዶች በአንድ ሌሊት ሁለት አገር ሊዞሩ ይችላሉ ማለት ነው። የአንዱ አገር ጥበቃ ብቻውን ዋጋ አይኖረውም።

ስለዚህ አንበሳን እንጠብቅ ስንል ስንት አሉ ብቻ አንበል። ወንዶቹ ከማን ጋር ናቸው? ስንት ዓመት አብረው ቆዩ? የሚዞሩት መሬት የት ያልቃል? እዚያ ከብት የሚያረባው ሰው አንበሳ ከብቱን ሲበላበት ማን ይደርስለታል? እነዚህን የማይመልስ የጥበቃ እቅድ በወረቀት ላይ ጥሩ ሆኖ መሬት ላይ ይከሽፋል። አንበሳን በአርማችን ላይ ብቻውን ልንስለው እንችላለን፤ በሕይወት እንዲኖር ከፈለግን ግን ከነባልንጀራው፣ ከነመንጋውና ከነግዛቱ መጠበቅ አለብን።