ከጋን ወደ በርሜል

በእኛ ቤት ጠላ የሚጠመቀው በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፤ ለገና፣ ለፋሲካና እማዬ በጽዋ ማኅበሯ ተረኛ በምትሆንበት ወር። ለሁሉም የሚያገለግለው ከአያቴ የወረደ፣ 50 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ውስጡ በጢስ የጠቆረ አንድ ጋን ነበር። ግቢ ቤት ሳለን ስለ ክብደቱ ያሰበ ሰው አልነበረም። ቧንቧው ከአጠገቡ ነው፣ እሱም ከጥጉ አይነቃነቅም።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ስንገባ ነገሩ ተለወጠ። ሊፍት የለም፣ ውኃ በፈረቃ ነው። ጋኑን አጋድሞ እያሽከረከሩ ማጠብ ደግሞ የእማዬ ወገብ የማይችለው ሥራ ሆነ። ባለፈው ዓመት ተራዋ ሲቃረብ «እንግዲህ ቢራና ለስላሳ ገዝተን እንለፈው» አለች። ሠላሳ ዓመት በጠላዋ የምትታወቅ ሴት ናትና አነጋገሯ ሆዴን ባር ባር አሰኘው። ዘንድሮ ጠላው ከቀረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩም እንደሚቀር ታየኝ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ዕቃው ሲቀየር ደንበኛው ይዘቱም የተቀየረ እንደሚመስለው አውቃለሁ። ስለዚህ ክዳናቸው የሚጠብቅ ሁለት ባለ 30 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎች እንግዛ ያልኩት ለክርክር ተዘጋጅቼ ነው። ያገለገለ በርሜል በርካሽ ይገኛል፤ ግን ቀለም ይሁን ኬሚካል ምን ይዞ እንደነበር ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ሽታ ይመጥጣል፤ ኋላም ለጠላው ይሰጠዋል። እኛ አዲስ፣ ለምግብ የሚሆን መሆኑን የሚያሳየው የብርጭቆና የሹካ ምልክት ያለበትን ገዛን።

ሁለተኛው ጉዳይ ጋዙ ነው። ጠላ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በጭቃ የተመረገ ጋን ከስንጥቁ መተንፈሻ አያጣም። ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ፕላስቲክ ግን ያብጣል፣ ሲብስም ይፈነዳል። ባለቤቴ ክዳኑን በስቶ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገባና ዙሪያውን ደፈነው፤ የቱቦውን ጫፍ ውኃ ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ነከረው። ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ አየርም ዝንብም አይገባም። ድሮ እማዬ ጆሮዋን ጋኑ ሆድ ላይ ለጥፋ ታዳምጥ ነበር። አሁን ወንበር ስባ ሃይላንዱን ታያለች። «ተነፈሰ» ትላለች።

ክርክሩ የመጣው በጢሱ ላይ ነው። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጢሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ መዓዛውም ወደ ጠላው ይገባል። ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም። «ያልታጠነ ጠላ ምኑን ጠላ ሆነ?» አለች፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት። ትንሽ ማሰሮ አጥና ጥንስሱን እዚያው ጣለች፤ ወደ በርሜሉ የተዛወረው ሲደፈደፍ ነው። አሻሮውንም ከወትሮው ጠቆር አድርጋ ቆላችው። እውነቱን ለመናገር ጢሱ እንደ ጋኑ አይደለም። ልዩነት የለውም የሚል ሰው ካለ የጋን ጠላ አልቀመሰም።

ጋን ሌላም ጥቅም ነበረው። ሸክላው ስለሚያልበው ጠላውን ያቀዘቅዛል። ፕላስቲክ አያልበውም፤ ስለዚህ በርሜሎቹን መታጠቢያ ቤት ሴራሚኩ ላይ አስቀምጠን እርጥብ ጆንያ አለበስናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ገላችን መታጠብ ቀረ ማለት ነው።

በርሜሉ የሚበልጥበት ነገር ግን አለ። ከታች አራት ጣት ከፍ አድርገን ትንሽ ቧንቧ አስገጠምንለት። አተላው ከሥር ይቀራል፣ ጠላው ጠልሎ ይወርዳል። በየሰዓቱ ክዳን ተከፍቶ ጣሳ አይነከርም፤ ጠላን ቶሎ የሚያኮመጥጠው አንዱ ነገር ይኸው መነካካት ነበር። የቀረውን በአምስተኛው ቀን ስንቀምሰው ገና አልመረረም። ማጠቡንም እማዬ ተቀምጣ ትችለዋለች።

በማኅበሩ ቀን በርሜሎቹን በነጠላ ሸፍናቸው ነበር። ከማኅበርተኞቹ አንጋፋዋ ብርጭቆውን አሽትተው «ጢሱ አንሷል» አሉ፤ ጠጥተው ሲጨርሱም «ድገሚኝ እስቲ» ብለው ዘረጉላት። ሌላዋ ወደ ጓዳ ዘልቀው፣ ነጠላውን ገለጥ አድርገው፣ ቧንቧውን ከፈት ዘጋ ካደረጉ በኋላ ዋጋውን ጠየቁኝ።

ጋኑ በረንዳ ላይ ነው። ባለቤቴ አበባ እንትከልበት ብሎ እማዬ ሁለት ቀን አኩርፋዋለች። ለፋሲካ ግን ሦስተኛ በርሜል ግዢልኝ ብላኛለች፤ ለቅራሪው።